በሩን ማን ከፈተው? ስለ ዘር መድልዎና ስለ ሥራ የቀረበ ጥናት



ባለፈው ወር ከትምህርታችን በኋላ በአዳራሹ ተሰብስበን ሻይ ስንጠጣ፣ አንድ የምናከብራቸው አባት ወደ ጠረጴዛችን መጥተው ስለ ሥራ ጠየቁን። ከመካከላችን ሁለቱ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ በመፈለግ ላይ መሆናቸውን ስንነግራቸው «ልጆቼ፣ አይዟችሁ! አሜሪካ ለሠራ ሰው ሁሉ ይሰጣል። እኛ በአንድ ሻንጣ መጥተን ቤት ገዛን፣ እናንተን አስተማርን። እዚሁ ተወልደው፣ ቋንቋውንም አገሩንም እያወቁ ወደ ኋላ የቀሩት ጥቁሮች መሥራት ስለማይወዱ ነው። እናንተ እንደነሱ አትሁኑ» ብለው መከሩን። ምክራቸው ከፍቅር የመነጨ መሆኑን እናውቃለን። አንዳንዶቻችን ራሳችንን በአዎንታ ነቀነቅን፤ ሌሎቻችን ዝም አልን። ነገሩ እውነት መሆን አለመሆኑን ግን ማናችንም አልጠየቅንም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሥራ ፈላጊ ከሆኑት አንዷ እኅታችን እስከዚያ ቀን ያልነገረችንን ነገር አወጣች። ከአርባ በላይ ማመልከቻ ልካ መልስ ያገኘችው ከሁለት ቦታ ብቻ ነበር። በኋላ አንድ የምታውቀው ሰው «ስምሽን አሳጥሪው፤ በአበሻው ማኅበር በበጎ ፈቃድ የሠራሽውንም ከማመልከቻሽ አውጪው» ብሎ መከራት። እንደተባለችው አድርጋ በላከች በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ትምህርቷ ያው ነው፤ የሥራ ልምዷም ያው ነው። «ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም።

እንግዲህ ይህ ጥናት የተዘጋጀው ለእኅታችን ጥያቄና ለአባታችን ምክር ተገቢውን መልስ ለመፈለግ ነው። ጥናቱን በየተራ ተካፍለን አዘጋጅተነዋል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ሀ. «ነጻ ወጣችሁ» ከተባለ በኋላ

የአሜሪካ ባርነት በሕገ መንግሥቱ 13ኛ ማሻሻያ በ1865 ተሻረ። ብዙዎቻችን ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃ ይመስለናል። ነገር ግን ሰው ከባርነት ወጣ ማለት የሚሠራውን ሥራ በፈቃዱ መረጠ ማለት አይደለም። በ1865 መጨረሻና በ1866 የደቡብ ግዛቶች «የጥቁሮች ሕግ» እየተባሉ የሚታወቁትን ደንቦች አወጡ። በሚሲሲፒ አንድ ጥቁር ሰው በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር ሥራና መኖሪያ ያለው ለመሆኑ የጽሑፍ ማስረጃ መያዝ ነበረበት። ሥራ ፈት ተብሎ የተያዘ ይቀጣል፤ መቀጫውን መክፈል ያልቻለም ለሚከፍልለት ሰው ጉልበቱ ይከራያል። በሳውዝ ካሮላይና ደግሞ ከእርሻና ከቤት አገልጋይነት ሌላ ሙያ መያዝ የፈለገ ጥቁር በዓመት ከ10 እስከ 100 ዶላር የፈቃድ ግብር እንዲከፍል ተደነገገ። በዚያ ዘመን 100 ዶላር ለአንድ ድሃ የእጅ ባለሙያ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ለመገመት አያዳግትም።

እነዚህ ደንቦች ብዙ ሳይቆዩ ቢሻሩም መንፈሳቸው አልተሻረም። መሬት ያልነበረው ጥቁር ገበሬ የሰው መሬት ተቀብሎ በእኩል ወይም በሢሶ ማረስ ጀመረ። ዘሩን፣ በቅሎውን፣ የዓመት ስንቁንም ከባለ መሬቱ ወይም ከነጋዴው በዱቤ ይወስዳል። መዝገቡን የሚይዘው አበዳሪው ነው። ጥጡ ተለቅሞ ሒሳብ ሲተሳሰብ ብዙውን ጊዜ ገበሬው ባለ ዕዳ ሆኖ ይገኝና ለከርሞም እዚያው ታስሮ ይቀራል። አያቶቻችን በአገራችን ጢሰኝነትን ስለሚያውቁት ይህን ነገር ማብራራት የሚያስፈልጋቸው አይመስለንም። በኢትዮጵያ ጢሰኝነት በ1975 በወጣው የመሬት አዋጅ ሲሻር ደስ ያላቸው ሰዎች የአሜሪካው ጢሰኛ ምን እንዳጣ ከማንም በላይ ይረዱታል።

ከ1910ዎቹ ጀምሮ እስከ 1970 ድረስ 6 ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ከደቡብ ተነሥተው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ፈለሱ። እንደ ቺካጎና እንደ ዲትሮይት ባሉ ከተሞች የፋብሪካ ሥራ አገኙ። ይሁን እንጂ የሚሰጣቸው ሥራ በጣም ሞቃቱ፣ በጣም ከባዱና በጣም ቆሻሻው ነበር። ብዙ የሠራተኛ ማኅበራትም በአባልነት አይቀበሏቸውም ነበር። በጊዜው የነበረው አባባል ጥቁር ሲቀጠር የመጨረሻ፣ ሲባረር ግን የመጀመሪያ ነው የሚል ነበር።

በደቡብ በቀሩት ላይ ደግሞ ሕጉ ይበልጥ ግልጽ ነበር። በ1915 በሳውዝ ካሮላይና የወጣ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ውስጥ ጥቁርና ነጭ በአንድ ክፍል አብረው እንዳይሠሩ፣ በአንድ በር እንዳይገቡና በአንድ ደረጃ እንዳይወጡ ከለከለ። በመሆኑም ጥቁሮች ከጽዳትና ከጭነት በቀር በፋብሪካዎቹ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ይህን የፋብሪካ ነገር በልባችን እንያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ለ. ስማቸውን ሳይጠራ የዘለላቸው ሕግ

በ1930ዎቹ አሜሪካን ታላቅ የኢኮኖሚ ድቀት በመታት ጊዜ የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት መንግሥት ለሠራተኛው መጠጊያ የሚሆኑ ሁለት ሕጎች አወጣ። በ1935 የወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ የእርጅና ጡረታንና ሥራ ላጣ ሰው የሚሰጥ ድጎማን አቋቋመ። በ1938 የወጣው ደግሞ ከሰዓት ክፍያ ሁሉ ዝቅተኛው 25 ሳንቲም እንዲሆን፣ ትርፍ ሰዓት የሠራም ተጨማሪ እንዲከፈለው ወሰነ።

ሁለቱም ሕጎች ግን የእርሻ ሠራተኞችንና የቤት ሠራተኞችን ከጥቅሙ ውጭ አደረጉ። በሕጎቹ ውስጥ «ጥቁር» የሚል ቃል አይገኝም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ከጥቁር ሠራተኞች ከግማሽ የሚበልጡት በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ላይ የተሰማሩ ነበሩ። ስለዚህ ሕጉ ስማቸውን ሳይጠራ ዘለላቸው። የዝቅተኛ ደመወዝ ሕጉ ለእርሻ ሠራተኞች መድረስ የጀመረው በ1966 በተደረገው ማሻሻያ ሲሆን፣ ለቤት ሠራተኞች የደረሰው በ1974 ነው። አንዲት በ1938 ዓመት የሃያ ዓመት ወጣት የነበረች የቤት ሠራተኛ ይህ መብት ሲደርሳት 56 ዓመት ሆኗት ነበር ማለት ነው።

በቤት ብድርም እንዲሁ ሆነ። በ1930ዎቹ መጨረሻ አንድ የመንግሥት ድርጅት የከተሞችን ካርታ እያዘጋጀ ለብድር አደገኛ ናቸው ያላቸውን ሰፈሮች በቀይ ቀለም አመለከተ። ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች በአብዛኛው ቀይ ተቀቡ። ብድር ያላገኘ ቤት አልገዛም፤ ቤት ያልገዛ ለልጁ አላወረሰም። ቤት ደግሞ ማደሪያ ብቻ አይደለም፤ ሱቅ ለመክፈት መያዣ፣ ልጅን ኮሌጅ ለመላክ ስንቅ፣ ሥራ ሲጠፋም የተሻለ ሥራ እስኪገኝ መቆያ ነው። በ2022 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ባደረገው የቤተሰብ ሀብት ጥናት ነጭ ቤተሰቦችን በሀብታቸው መጠን በተራ ብናሰልፋቸው በመካከል ላይ የሚገኘው ቤተሰብ ሀብት 285,000 ዶላር ያህል ሲሆን፣ የጥቁሮቹ 45,000 ዶላር ያህል ነው። ይኸውም ስድስት እጥፍ ልዩነት ነው። የዛሬው የወር ደመወዝ እኩል ቢሆን እንኳ ይህ ልዩነት በአንድ ትውልድ አይሞላም።

ሐ. በሩ በራሱ አልተከፈተም

ታዲያ ለውጥ እንዴት መጣ? እዚህ ላይ በብዙዎቻችን ዘንድ የማይታወቅ አንድ ሰው አለ፤ ስሙ ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ ይባላል። በዚያን ጊዜ በባቡሮች የመኝታ ፉርጎ ውስጥ አልጋ የሚያነጥፉ፣ ጫማ የሚጠርጉና ሻንጣ የሚሸከሙ አስተናጋጆች ጥቁሮች ነበሩ። መንገደኞች የእናት የአባታቸውን ስም ሳይጠይቁ ሁሉንም «ጆርጅ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ራንዶልፍ በ1925 የእነዚህን ሠራተኞች ማኅበር ለማቋቋም ተነሣ። ኩባንያው ከማኅበሩ ጋር ውል የፈረመው በ1937 ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራቸውን እስከ ማጣት ድረስ ታገሡ ማለት ነው።

በ1941 አሜሪካ ለጦርነት ስትዘጋጅ የአውሮፕላንና የመርከብ ፋብሪካዎች ብዙ ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር፤ ጥቁሮችን ግን አይቀበሉም ነበር። ራንዶልፍ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አሰልፎ ወደ ዋሽንግተን እንደሚመጣ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አስታወቀ። ፕሬዚዳንቱም ሰልፉ ከመደረጉ በፊት በጁን 25 ቀን 1941 በመከላከያ ፋብሪካዎች ውስጥ በዘር ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ የሚያዝዘውን ትእዛዝ ቁጥር 8802 ፈረሙ። ሰልፉ ቀረ፤ በሩም ጥቂት ገርበብ አለ።

ከ22 ዓመት በኋላ ያው ሰው ያንን የቀረውን ሰልፍ መራ። በኦገስት 28 ቀን 1963 በዋሽንግተን 250,000 ያህል ሰው የተገኘበት ሰልፍ ስሙ «ለሥራና ለነጻነት» የሚል ነበር። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የማርቲን ሉተር ኪንግን ንግግር ብቻ ነው። «ሥራ» የሚለው ቃል ግን የቀደመው በከንቱ አይደለም። ሰልፈኞቹ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች መካከል ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 2 ዶላር እንዲሆንና በቅጥር ላይ የሚደረግ መድልዎ በፌዴራል ሕግ እንዲከለከል የሚሉት ይገኙበታል። በጁላይ 2 ቀን 1964 የመብት ሕጉ ተፈረመ። የሕጉ ሰባተኛ ክፍል በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታና በመጡበት አገር ምክንያት በቅጥር ላይ ማዳላትን ከለከለ። የሕጉን አፈጻጸም የሚከታተለው የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽንም በ1965 ሥራውን ጀመረ።

ሕግ ከወጣም በኋላ ዋጋ የተከፈለበት ጊዜ አለ። በሜምፊስ ከተማ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 ሁለት ጥቁር የቆሻሻ መኪና ሠራተኞች፣ ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር፣ ከዝናብ ሊጠለሉ በመኪናው የኋላ ክፍል ሳሉ የመጭመቂያው መሣሪያ በድንገት ተነሥቶ ገደላቸው። ከ11 ቀን በኋላ 1,300 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በደረታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ጽሑፍ ሰው መሆናቸውን የሚናገር እንጂ ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም። ኪንግ እነርሱን ለመርዳት ወደ ሜምፊስ ሄዶ በኤፕሪል 4 ቀን ተገደለ። በኤፕሪል 16 ቀን ከተማው ማኅበራቸውን ተቀብሎ ደመወዝ ለመጨመር ተስማማ። ኪንግ የሞተው በጽዳት ሠራተኞች የሥራ ጥያቄ ላይ መሆኑን ከመካከላችን ስንቶቻችን እናውቅ ነበር?

መ. በሩ ሲከፈት ምን ታየ?

አሁን ወደ ሳውዝ ካሮላይና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንመለስ። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በእነዚያ ፋብሪካዎች የጥቁሮች ቁጥር እጅግ አነስተኛ ሆኖ ቆየ። በመካከሉ ሁለት የዓለም ጦርነቶች አለፉ፤ ጥቁሮች ትምህርታቸውን አሻሻሉ፤ የፋብሪካው ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። የመብት ሕጉ ከወጣ በኋላ፣ ከ1965 ጀምሮ፣ ቁጥራቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በፍጥነት አደገ። ይህን የኢኮኖሚ ሊቃውንት መዝገብ መርምረው አረጋግጠውታል።

እስቲ ይህን ነገር ቆም ብለን እናስብበት። በ1963 «ለሽመና ሥራ አይሆንም» የተባለ ሰው በ1967 በዚያው መሣሪያ ላይ ቆሞ ይሠራ ነበር። ሰውየው ያው ነው፤ እጁም ያው ነው። በአራት ዓመት ውስጥ የአንድ ሕዝብ የሥራ ፍቅር ሊለወጥ አይችልም። የተለወጠው በሩ ነው። «መሥራት አይወዱም» ለሚለው ንግግር ከዚህ የበለጠ መልስ አላገኘንም።

ሠ. የቀበሮውና የሽመላው ማዕድ

በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን ደጃፉን ከፍ አድርገው የሠሩ ነበሩ። በኖርዝ ካሮላይና ዳን ሪቨር በተባለ ቦታ የዱክ ፓወር ኩባንያ የኤሌክትሪክ ማመንጫ አምስት ክፍሎች ነበሩት። ጥቁሮች የሚሠሩት የጉልበት ሥራ በሚባለው ክፍል ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ክፍል ከፍተኛው ደመወዝ በሌሎቹ አራት ክፍሎች ከሚከፈለው ዝቅተኛ ደመወዝ ያንስ ነበር። የመብት ሕጉ በሥራ ላይ በዋለበት በዚያው ቀን፣ በጁላይ 2 ቀን 1965፣ ኩባንያው አዲስ ደንብ አወጣ። ወደ ተሻሉት ክፍሎች አዲስ የሚቀጠር ሰው የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት መያዝ ብቻ ሳይሆን ሁለት የጽሑፍ ፈተናዎችንም ማለፍ አለበት ተባለ።

ደንቡ ለሁሉም እኩል ይመስላል። ነገር ግን በ1960 በተደረገው ቆጠራ በዚያ ግዛት ከነጭ ወንዶች 34 በመቶ ያህሉ ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርሱ፣ ከጥቁሮቹ የጨረሱት 12 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤቱም የተለያየና የተበላለጠ ነበር። ከዚያም በላይ ምስክር ወረቀት ሳይኖራቸው ቀድሞ የተቀጠሩት ነጮች ሥራቸውን በሚገባ እየሠሩ ነበር። እንግዲያው ወረቀቱ ለሥራው አያስፈልግም ማለት ነው።

ዊሊ ግሪግስና ጓደኞቹ ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 8 ቀን 1971 በአንድ ድምፅ ፈረደላቸው። አሠሪው በልቡ ክፋት ባይኖረውም እንኳ፣ ከሥራው ጋር የማይገናኝና አንዱን ወገን ለይቶ የሚያስቀር መመዘኛ በሕግ የተከለከለ ነው ተባለ። ዳኞቹ በውሳኔያቸው የቀበሮንና የሽመላን ተረት አንሥተዋል። ቀበሮ ሽመላን ጋብዞ ምግቡን በዝርግ ሳሕን ቢያቀርብ፣ ሽመላው በረዥም አፉ ምን ሊያነሣ ይችላል? ግብዣው እኩል ነው፤ ዕቃው ግን እኩል አይደለም። ይህ መርሕ በ1991 በሕግ ተጽፎ ጸናም። በኤፕሪል 2025 ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በዚህ መርሕ ላይ የሚያደርጉትን ክትትል እንዲቀንሱ የሚያዝዝ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ወጥቷል። ከዚህ የምንማረው አንድ ጊዜ የተከፈተ በር ጠባቂ ካጣ ሊገረበብ እንደሚችል ነው።

ረ. ስምና ወረቀት

«ይህ ሁሉ የድሮ ታሪክ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ስለዚህ በቅርብ ዘመን የተደረጉትን ምርመራዎች እንመልከት።

1ኛ/ ማርያን በርትራንድና ሴንድሂል ሙላይናታን የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ2001 እና በ2002 በቦስተንና በቺካጎ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች 5,000 ያህል የፈጠራ ማመልከቻ ላኩ። ልዩነቱ ስሙ ብቻ ነበር፤ ከፊሉ እንደ ኤሚሊና እንደ ግሬግ ያለ በነጮች ዘንድ የተለመደ፣ ከፊሉ እንደ ላኪሻና እንደ ጀማል ያለ በጥቁሮች ዘንድ የተለመደ ስም ነበረው። የነጭ ስም የያዘው ከ10 ማመልከቻ አንድ ጥሪ ሲያገኝ፣ የጥቁር ስም የያዘው አንድ ጥሪ ለማግኘት 15 ያህል መላክ አስፈለገው። ማመልከቻው የተሻለ ልምድ ሲጨመርበትም ጥቅሙ ለነጮቹ ስሞች በጣም የበለጠ ሆኖ ተገኘ።

2ኛ/ ዴቫ ፔጀር የተባለች የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ በሚልዋኪ ከተማ ወጣት ወንዶችን ወደ 350 አሠሪዎች ልካ በ2003 ውጤቱን አሳተመች። የእስራት ታሪክ ያለው ነጭ ከመቶ 17 ጊዜ ሲጠራ፣ ምንም የእስራት ታሪክ የሌለው ጥቁር ከመቶ 14 ጊዜ ብቻ ተጠራ። ይህን ባነበብን ጊዜ ከመካከላችን «ቁጥሩን ተሳስታችሁ እንዳይሆን፤ ድገሙት» ያለ ነበር። ደገምነው፤ ስሕተት የለበትም።

3ኛ/ በ2016 የወጣ አንድ ጥናት ጥቁሮች ማመልከቻቸውን «ሲያነጡ» ምን እንደሚሆን መረመረ። ይኸውም ስምን መለወጥና የጥቁሮች ማኅበር አባልነትን ማውጣት ማለት ነው። ሳይለወጥ የተላከው ከመቶ 10 ያህል ጥሪ ሲያገኝ፣ የተለወጠው 25 ያህል አገኘ። የእኅታችን ታሪክ ማለት ይህ ነው። ብቻዋን የደረሰባት መስሏት ነበር፤ ነገር ግን ተለክቶ፣ ተቆጥሮና ተጽፎ የሚገኝ ነገር ነው።

4ኛ/ ከዚያ ወዲህ በታላላቅ ኩባንያዎች ላይ በተደረገ ሰፊ ምርመራ 83,000 ያህል ማመልከቻ ለ108 ኩባንያዎች ተልኮ፣ ልዩነቱ ከቀድሞው ያነሰ ቢሆንም እንዳለ ተገኝቷል። ደግሞም በሁሉም ኩባንያ እኩል አይደለም፤ ከጠፋው ጥሪ ግማሽ ያህሉ የጠፋው ከኩባንያዎቹ መካከል በአንድ አምስተኛው ነው። ይህ በመጠኑ ተስፋ ይሰጣል። አሠሪ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ደንቡን ያስተካከለ አሠሪም ልዩነቱን ሊያጠብ ይችላል።

አሠሪዎች ለምን እንዲህ ያደርጋሉ? ሊቃውንቱ ሁለት ዋና ምክንያት ይሰጣሉ። ጌሪ ቤከር በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ አንዳንድ አሠሪ ትርፍ እስከ ማጣት ድረስ ከማይወደው ወገን ጋር መሥራትን ይሸሻል አለ። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ደግሞ፣ አሠሪው ጥላቻ ባይኖረውም ሰውየውን ለማወቅ ከመድከም ይልቅ ስለ ወገኑ በሰማው ወሬ እንደሚፈርድ አሳዩ። ይህ ሁለተኛው ለእኛ አስደንጋጭ ነው፤ ምክንያቱም «እነሱ መሥራት አይወዱም» የሚለው የጠረጴዛ ወሬ ማለት እርሱው ነውና። ወሬው ከአዳራሽ ወጥቶ ሰው በሚቀጥር ሰው ጆሮ ሲገባ የአንዱን ቤተሰብ እንጀራ ያስቀራል።

የዚህ ሁሉ ድምር በሥራ አጥነት ቁጥር ይታያል። በ1972 የጥቁሮች ቁጥር ለብቻው መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ ሥራ አጥነታቸው በአብዛኛው የነጮቹን እጥፍ ያህል ሆኖ ኖሯል። በኤፕሪል 2023 ከ5 በመቶ በታች ወርዶ ነበር፤ በተመዘገበው ታሪክ ዝቅተኛው ይህ ነው። ሥራ ሲበዛና አሠሪ ሠራተኛ ሲያጣ «ሰነፍ» የተባለው ሁሉ ሥራ ገብቶ ተገኘ።

ሰ. እኛና ይህ ታሪክ

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በ1924 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ሰውን በትውልድ አገሩ እየመደበ ያስገባ ነበር፤ ለኢትዮጵያ የተሰጠው ድርሻ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ ድልድል የፈረሰው በ1965 በወጣው ሕግ ነው። የመብት ሕጉ በወጣ በዓመቱ፣ ሰውን በዘሩ መመደብ አሳፋሪ በሆነበት በዚያ መንፈስ የወጣ ሕግ ነው። በ1980 የስደተኞች ሕግ ወጣና ከደርግ የሸሹ ወላጆቻችን ገቡ። ከገቡም በኋላ በመጡበት አገር ምክንያት ሥራ እንዳይከለከሉ የጠበቃቸው ያው የ1964ቱ ሕግ ነው። እኛ በዚያ ሰልፍ ላይ አልነበርንም፤ ለአንድ ቀን እንኳ አልታሰርንም። ሌሎች በከፈቱት በር ገብተን «ለምን ከደጅ ቀራችሁ?» ብንላቸው ወጪት ሰባሪ መሆናችን አይደለምን?

እርግጥ ወላጆቻችን ለፍተዋል፤ ሌሊት ፓርኪንግ እየጠበቁ፣ ቀን ታክሲ እየነዱ አሳድገውናል። ነገር ግን ንጽጽሩ ትክክል አይደለም። በዲቪ ለመግባት እንኳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወይም የሁለት ዓመት የሙያ ልምድ ይጠየቃል። ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚመጣ ሰው በወንፊት ተነፍቶ ነው። ተነፍቶ የመጣን ጥቂት ሰው ሦስት መቶ ዓመት ከተበደለ ሙሉ ሕዝብ ጋር ማወዳደር አይገባም።

ሌላም ልንሸሽገው የማይገባ ነገር አለ። አብዛኞቻችን የመጀመሪያ ሥራችንን ያገኘነው በማስታወቂያ ሳይሆን በዘመድ ወይም በወዳጅ ነው። አንዱ ይገባና ሌላውን ያስገባል፤ ቆይቶም አንድ የሥራ ቦታ በሙሉ የአንድ ወገን ይሆናል። ይህ መረዳዳት መልካም ነው። ነገር ግን ከውጭ ሆኖ ለሚያየው፣ ዘመድ ለሌለው ሰው፣ ያ ቦታ የተዘጋ በር ነው። ነጮቹም ለብዙ ዘመን ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ልጅን፣ የወንድም ልጅን፣ የጎረቤትን ልጅ ማስገባት። በወይን አትክልቱ ምሳሌ እስከ ዐሥራ አንደኛው ሰዓት በአደባባይ ቆመው የዋሉት ሰነፎች አልነበሩም፤ የሚቀጥራቸው ያጡ ነበሩ።

ከዚህ በተጨማሪ አሠሪው ማመልከቻችንን ሲያይ «ይህ ጥቁር ከኢትዮጵያ ነው፣ ያኛው ከአላባማ ነው» ብሎ አይለይም። እዚህ የተወለድን ልጆች ይህን በየቀኑ እናየዋለን። ሌላውን በመናቅ ከመድልዎ ማምለጥ አይቻልም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ለእኅታችን ያገኘነው መልስ ይህ ነው። ሥራ በማግኘትሽ ደስ ይበልሽ፤ ስምሽ መሸከም የሌለበትን ሸክም በመሸከሙ ይክፋሽ። ሁለቱም እውነት ነው። ጥፋቱ ግን በስምሽ አይደለም። ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ ተግባራዊ ነገርም አለ። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት መድልዎ የደረሰበት ሰው ለኮሚሽኑ ያለ ክፍያ ማመልከት ይችላል፤ ጊዜው ነገሩ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ነው፤ የግዛቱ ሕግ የራሱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ካለው እስከ 300 ቀን ይደርሳል። ስለዚህ የላካችሁትንና የተላከላችሁን ወረቀት ሁሉ ከነቀኑ አስቀምጡ።

ይህን ጽሑፍ ከማባዛታችን በፊት ለእኒያ አባታችን አነበብንላቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዳመጡ። በሁሉም አልተስማሙም፤ «ሰው ራሱም መትጋት አለበት» አሉ፤ እኛም ይህን አልካድንም። ትንሽ ቆይተው ግን በ1983 የመጀመሪያ ሥራቸውን በሆቴል ሲጀምሩ ሰዓት መሙያውን፣ የደመወዝ ወረቀቱንና የማኅበሩን መብት ያስረዳቸው አንድ አዛውንት ጥቁር አሜሪካዊ መሆኑን አስታወሱ። «ስሙን እንኳ ለልጆቼ ነግሬ አላውቅም» አሉን። ከዚያም ነገሩን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1/ የሳውዝ ካሮላይና ፋብሪካዎች ታሪክ ስለ ስንፍናና ስለ ዕድል ምን ያስተምረናል?

2/ ለሁሉም እኩል የሚመስል፣ ነገር ግን አንዱን ወገን የሚያስቀር ደንብ በትምህርት ቤታችሁ ወይም በሥራ ቦታችሁ አለ? ለሥራው በእርግጥ ያስፈልጋል?

3/ በምንሠራበት ቦታ ክፍት ሥራ ሲኖር ለማን ለማን እንነግራለን? ከወገናችን ውጭ ለሆነ ሰው የነገርንበት ጊዜ አለ?

4/ በቤታችሁ የመጀመሪያ ሥራ ያገኘውን ሰው ማን እንደረዳው ጠይቃችሁ ለሚቀጥለው ሳምንት ጽፋችሁ አምጡ።